ጆሮ ይቀበላል፣ አእምሮ ይሰማል

በመካነ ሰላም ለወላጆች፣ ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ወደዚህ መድረክ የጠራችሁኝ «ሰው ሲናገርና ሲሰማ በጭንቅላቱ ውስጥ ምን ይከናወናል? እስቲ ሁላችንም በሚገባን ቋንቋ ንገረን» ብላችሁ ነው። ግብዣውን በደስታ ተቀበልኩት። ስለ ንግግርና ስለ መስማት ለማውራት ይህ አገር የተገባ ነው። እረኛ ከገደል አፋፍ ሆኖ ማዶ ያለውን ጓደኛውን የሚጣራበት፣ ቅዳሴና አዛን በአንድ ጎህ የሚሰማበት፣ ዕውቀት ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲወርድ የኖረበት ምድር ነው።

ዛሬ የምላችሁ ሁሉ በአንድ አባባል ይጠቃለላል። ጆሮ ድምፅን ይቀበላል፤ የሚሰማው ግን አእምሮ ነው። ደጋግሜ እለዋለሁ። ከአዳራሹ ስትወጡ ሌላው ቢረሳችሁ ይህ እንዳይረሳችሁ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የገዛ ቋንቋችንን እንጠይቅ። እንግዳ ሰው ሲመጣ «አማርኛ ይሰማል?» ብለን እንጠይቃለን። ስለ ጆሮው ጤና መጠየቃችን አይደለም፤ ቋንቋው ይገባዋል ወይ ማለታችን ነው። ልጅ ምክር ሲጥስ «አልሰማም አለ» እንላለን፤ ድምፃችን እንደደረሰው ግን እናውቃለን። አማርኛ «መስማት» በሚለው ቃል ድምፅ መቀበልንና መረዳትን አንድ ላይ አኑሯቸዋል። ሳይንስ በብዙ ድካም የደረሰበትን አያቶቻችን በአንድ ግሥ ተናግረውታል።

ይኸው ቋንቋችን ግን በሌላ ቃል ስቷል። ጆሮው የማይሰማውን ሰው «ደንቆሮ» አለው። ዕውቀት የሌለውን፣ ነገር የማይገባውንም ሰው ያው «ደንቆሮ» አለው። የጆሮን መዘጋትና የአእምሮን ባዶነት አንድ አደረጋቸው። አንዱ ቃላችን እውነቱን ይዟል፤ ሌላው ሰውን በድሏል። ንግግሬ ከተበደለው ሰው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ አራት ነጥቦችን ያልፋል። አንደኛው ድምፅ ከአየር ተነስቶ እንዴት ነርቭ ላይ እንደሚደርስ ነው። ሁለተኛው አንጎል ከድምፅ ቃል እንዴት እንደሚያወጣ ነው። ሦስተኛው ሕፃን ቋንቋን እንዴት እንደሚይዝ ነው። አራተኛው ጆሮ ሲዘጋ ምን እንደሚሆንና እኛ ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

አንደኛ፦ ከአየር ወደ ነርቭ

ከበሮ ሲመታ ቆዳውን በመዳፋችሁ ነክታችሁት ታውቃላችሁ? ይንቀጠቀጣል። የቆዳው መንቀጥቀጥ በአጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ የተገፋው አየር ቀጣዩን ይገፋል፤ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ ጆሯችን ይደርሳል። በጆሯችን ውስጥም ሌላ ከበሮ አለ፤ የጆሮ ታምቡር የምንለው ስስ ቆዳ ነው። ውጭ ያለው ከበሮ ሲመታ ውስጥ ያለው ይመልስለታል።

ከታምቡሩ በስተጀርባ ሦስት ደቃቃ አጥንቶች ተያይዘው ተቀምጠዋል። በቅርጻቸው ምክንያት መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። በዚሁ በወሎ ቦረና ፈረስ ላይ ላደገ ሰው የእርካብን ቅርጽ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይህች እርካብ ግን ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰው አካል ውስጥ ከእርሷ የሚያንስ አጥንት የለም። ሦስቱ አጥንቶች የታምቡሩን ንቅናቄ ተቀባብለው፣ ግፊቱን ሃያ እጥፍ ያህል አጠንክረው፣ ፈሳሽ ወደሞላበት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያስገቡታል።

ይህ ውስጠኛ ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ነው። በመግቢያው በኩል ቀጭን ድምፅ ይቀበላል፤ በጫፉ በኩል ወፍራሙን። የክራር ክሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ እንዳላቸው ሁሉ፣ በዚህ ጥቅልል ላይም እያንዳንዱ ቦታ የሚነቃበት የራሱ ድምፅ አለው። የጥቅልሉን አሠራር በዝርዝር ያጠናው የሃንጋሪ ተወላጁ ጊዮርግ ፎን ቤኬሺ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በጥቅልሉ ውስጥ እንደ ፀጉር ያለ ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅን ወደ አንጎል በማስተላለፍ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በአንድ ጆሮ 3,500 ያህል ብቻ ናቸው። ፈሳሹ ሲናወጥ ፀጉሮቻቸው ያዘነብላሉ፤ ሲያዘነብሉ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል፤ ምልክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የልጅ ለቅሶም፣ የእረኛ ዋሽንትም፣ የዝናብ ኮሽታም፣ የእናት ምርቃትም አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ምልክት ሆነዋል። የጆሮ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ። እስካሁን ግን ማንም ምንም አልሰማም። ጆሮ ተቀበለ እንጂ አልሰማም፤ መስማቱ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

አንጎል የመጀመሪያ ሥራውን የሚሠራው ገና ከአንገት በላይ ባለው ግንዱ ላይ ነው። በጉም ውስጥ ሆናችሁ ከማዶ ሰው ሲጠራችሁ ሳታዩት ወዴት እንዳለ ታውቃላችሁ። እንዴት? በስተቀኝ ያለ ሰው ድምፅ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ ይነካል፤ ግራው ላይ የሚደርሰው የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ ሳይሞላ ነው። አንጎል ይህንን ቅድሚያ ይለካል። የሰከንድ መቶ ሺህኛ አንድ የሚያህል ልዩነት ሳይቀር ይለያል። የጠፋች ጥጃ ስትጮኽ ወዴት መሮጥ እንዳለበት የሚያውቅ እረኛ ይህን ስሌት ሳያስበው እየሠራው ነው።

ሁለተኛ፦ ከድምፅ ወደ ቃል

ወደ ከባዱ ሥራ እንምጣ። ስንናገር በቃልና በቃል መካከል ክፍተት የምንተው ይመስለናል። አንተውም። የማታውቁትን ቋንቋ ስሙ፤ እንደ ክረምት ጅረት ሳይቋረጥ ይፈስሳል። የራሳችን ቋንቋም እንዲሁ ይፈስሳል፤ ቆራርጦ ቃል የሚያደርገው አንጎላችን ነው። በምን ይቆርጠዋል? አንዱ መሣሪያው ምት ነው።

ስለ ምት ስናገር ከዚህ ከተማ ብዙም የማይርቁ ጎረቤቶቻችንን አነሳለሁ። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው፣ እኛ ከልጅነት ጀምሮ ደንቆሮ ጫካ በምንለው ስፍራ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይኖራሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሲግጡ ስሟቸው፤ ዝም አይሉም፣ ያጉተመትማሉ፣ ይመላለሳሉ። በስሜን ተራሮች ጭላዳዎችን ለዓመታት ያጠናው አሜሪካዊ ተመራማሪ ቶር በርግማን እ.ኤ.አ. በ2013 አስደናቂ ነገር አሳተመ። ወንዱ ጭላዳ ወደ ሴቶቹ ሲቀርብ ከንፈሩን እያርገበገበ የሚያሰማው ድምፅ በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። የሰው ልጅ በየትኛውም ቋንቋ ሲናገር የቃላቱ ቀለማት የሚፈራረቁበት ምትም ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ነው፤ በሰከንድ ከ3 እስከ 8 ይሆናል።

ጭላዳ ይናገራል አላልኩም። የንግግራችን መሠረት የሆነው የአፍ ምት ግን በእነርሱም ዘንድ ይገኛል። አንጎላችንም ይህን ምት ይጠብቃል። ሰው ሲያወራን የመስሚያው ክፍል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከተናጋሪው ቀለማት ጋር እኩል ይወጣል፣ ይወርዳል። በደቦ አጨዳ ላይ ዜማ አውጪው ሲያወጣ ማጭዱ ሁሉ አብሮ እንደሚነሳና እንደሚወርድ አስቡት። አንጎል ንግግርን የሚያጭደው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ልዩነትን መለየት ነው። «መታ» እና «መጣ» በሉ። ሁለቱን የሚለየው ጠ ስንል ጉሮሯችንን ለቅጽበት ዘግተን ድምፁን በኃይል መልቀቃችን ነው። ያቺን ቅጽበት የሳተ አንጎል «እንግዳ መጣ» ሲሉት «እንግዳ መታ» ብሎ ይደነግጣል። አሁን ደግሞ «ገና» ብላችሁ ጻፉ። ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «ዋና» ላልቶ በውኃ ውስጥ መዋኘት ነው፤ ጠብቆ ትልቁና አስፈላጊው ነው። «ሰፊ» ላልቶ መርፌ የያዘ ባለሙያ ነው፤ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነ ነው። ፊደላችን ይህንን ልዩነት አይጽፈውም፤ ለአንባቢው ይተወዋል። በንግግር ጊዜ ግን ልዩነቱ በጊዜ ርዝመት ይመጣል፤ እርሱም ከሰከንድ አንድ አስረኛ እምብዛም አይበልጥም። ይህን በየቃሉ እየለካችሁ ነው አሁን እኔን የምትሰሙኝ።

ሦስተኛው መሣሪያ መሙላት ነው። በቅዳሴ ወይም በመንዙማ መሐል አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያስል፣ ከሳሉ ሥር የተቀበረው ድምፅ አልደረሰንም። ቃሉን ግን ሙሉ አድርገን እንሰማዋለን። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከተቀረጸ ንግግር ላይ አንድ ድምፅ ቆርጦ አውጥቶ በቦታው ሳል አስገባ። አድማጮቹ የጎደለ ድምፅ መኖሩን እንኳ አላወቁም፤ አንጎላቸው ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነስቶ ሞልቶታል። ጆሮ ያልተቀበለውን አእምሮ ሰማው ማለት ነው።

ዓይንም ያግዛል። የአንድ ሰው አፍ «ጋ» ሲል እያሳዩን ድምፁን «ባ» ቢያደርጉት ብዙዎቻችን «ዳ» ብሎ ይሰማናል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1976 ታትሞ የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የተሞከረ ነገር ነው። በገበያ ቀን ግርግር መሐል የሚያናግራችሁን ሰው አፉን የምታዩት ለዚህ ነው። በዚያው ገበያ ሺህ ድምፅ እየተቀላቀለ አንድ ሰው ከሩቅ ስማችሁን ቢጠራ ዘወር ትላላችሁ። ሁሉም ድምፅ ጆሯችሁ ደርሷል፤ አእምሯችሁ ግን የሚፈልገውን መርጦ ያዘ።

የወሎ ሰው ቅኔ ይወዳልና ይህንንም ልጨምር። ሁለት ፍች ያለው ቃል ስንሰማ ሁለቱም ፍች ለቅጽበት በአንጎላችን ይነቃሉ፤ ከዚያ አገባቡ አንዱን ያጸናል፣ ሌላው ይከስማል። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ አድማጭ ግን የከሰመውን ተመልሶ ያነሳዋል። ቅኔ ሲፈታ ፊት ላይ የሚታየው ደስታ አእምሮ ጥሎት ያለፈውን መልሶ ሲያገኘው የሚሰማው ደስታ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የት ነው? «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይላል ተረታችን፤ ሐኪሞችም መልሱን ያገኙት ከአፍ ተነስተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም አንድ በሽተኛ አጋጠመው። የሚባለውን ይረዳ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የሚል አንድ ቀለም ብቻ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ቢመረመር የግራው ክፍል በፊት በኩል ተጎድቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1874 ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ከዚያ ወደ ኋላ ባለ ስፍራ የተጎዱ በሽተኞችን ገለጸ፤ እነዚህ አፋቸው አይያዝም፣ ነገር ግን የሚሉት አይያያዝም፣ የሚባሉትም አይገባቸውም። ዛሬ ቋንቋ በሁለት ቦታ ብቻ እንደማይወሰን፣ ብዙ ክፍሎች ተሳስረው እንደሚሠሩት እናውቃለን። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ግን ግራው ክፍል ይመራል።

ይህን ዕውቀት ወደ ቤታችሁ ውሰዱት። ደህና ያደረ ሰው ድንገት አንደበቱ ቢያዝ፣ ቃል ቢምታታበት፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ቢጣመም፣ አንድ እጁ ቢዝል፣ «ምች መታው» ብላችሁ ዳማከሴ አትፈልጉ። በአንጎሉ ውስጥ ደም ተቋርጦ ወይም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ሰዓት ሳታባክኑ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። በዚህ ሕመም የሚባክን እያንዳንዱ ደቂቃ የአንጎል ሕዋስ ያስከፍላል።

ሦስተኛ፦ ሕፃን ቋንቋን እንዴት ይይዛል?

ሕፃን መስማት የሚጀምረው ከመወለዱ በፊት ነው። በእርግዝና ስድስተኛ ወር ገደማ ጆሮው ሥራ ይጀምራል። በማኅፀን ውስጥ ቃሉ ጠርቶ ባይደርሰውም ዜማው ይደርሰዋል። በተወለደ በቀናት ውስጥ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ እንደሚመርጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ነፍሰ ጡር እናት እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ለራሷ ብቻ አይደለም፤ አድማጭ አላት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን የዓለምን ቋንቋዎች ድምፆች ከሞላ ጎደል ሁሉንም መለየት ይችላል። ዓመት ሲሞላው ግን በቤቱ የሚሰማቸውን ያጸናል፣ የማይሰማቸውን ይተዋል። ፈረንጅ ጠጅ ለማለት «ተጅ» የሚለው ምላሱ ስለሰነፈ አይደለም፤ ጠ እና ተን የሚለየው የአንጎሉ መንገድ በልጅነቱ ሳይረገጥ ቀርቶ ሣር ስለበቀለበት ነው። የእኛ ልጆች መንገድ የሚረገጠው «እሹሩሩ» በሚሉ እናቶች፣ ተረት በሚያወሩ አያቶች፣ እንቆቅልሽ በሚጠያየቁ እኩዮች ነው። ስለዚህ «ገና ሕፃን ነው፣ ምን ይገባዋል» አትበሉ። አናግሩት። ሲንተባተብ መልሱለት። ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጥ ንግግርን አይተካም፤ ልጅ የሚፈልገው የሚመልስለት ሰው ነው።

የዚህ አካባቢ ሊቃውንት ስለ አንጎል ሳያነቡ ይህን ምሥጢር ያውቁት ነበር። በአማራ ሳይንት በተድባበ ማርያም የቆሎ ተማሪ፣ በጀማ ንጉሥም ደረሳ ዕውቀቱን የተቀበለው በጆሮው ነው። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ይደግመዋል፣ ያንበለብለዋል። እየሰሙ መልሶ ማለት የአንጎልን የመስሚያና የመናገሪያ ክፍሎች ያስተሳስራል። የሰማነውን ቃል በውስጣችን ካልደገምነው በሰከንዶች ውስጥ ይበንናል፤ ከደገምነው ይቆያል፤ በዜማ ከደገምነው ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል።

የዚህን ምድር ልጅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ላንሳ። ገዳሙ ጋስጫ ከዚሁ ከቦረና ምድር ነው። ገድሉ እንደሚነግረን በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማር ትምህርት አልገባ ብሎት ብዙ ተሳቀበት፤ በወፍጮ ሥራም አገለገለ። በጸሎቱ ከእመቤታችን ጸጋን ተቀብሎ አርጋኖንንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰ፣ በሌሊት የሚዜመውን ሰዓታት ያዘጋጀ ታላቅ ሊቅ ሆነ። እኔ ከዚህ ታሪክ ለመምህራን የምወስደው አንድ ትምህርት አለ። የዘገየን ልጅ ባዶ ነው አትበሉ። ያን ጊዜ የሳቁበት ጓደኞቹ በማን ላይ እንደሳቁ አላወቁም ነበር።

አራተኛ፦ ጆሮ ሲዘጋ

አሁን ከልቤ ወደማወጣው ነገር ደረስኩ።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ጆሮው ይመግላል፤ ሽታው ያስቸግረን ስለነበር እንሸሸዋለን። መምህሩ ሲጠይቀው አይመልስም፤ ስለማይመልስ ይገረፋል። በዕረፍት ሰዓት ግን ከሁላችን ፈጥኖ ጨዋታ የሚገባው፣ ከጭቃ ፈረስ ከነኮርቻው የሚሠራ እርሱ ነበር። «ደንቆሮ» እንለው ነበር፤ እኔም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ትቶ ከብት ጥበቃ ሄደ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ጆሮና ስለ አንጎል ስማር ዓይኖቹ ትዝ አሉኝ። ሁልጊዜ አፋችንን ያይ ነበር። ከጆሮው ያጣውን ከከንፈራችን ሊለቅም ይደክም ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ለመስማት ይበልጥ የሠራው እርሱ ነበር። እኛ ግን ሰነፍ አልነው።

ይህ ልጅ ብቻውን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ከእነዚህ 80 በመቶ የሚጠጉት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ይኖራሉ። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። መግል፣ ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትር፣ ያለ ሐኪም የሚወሰድ መድኃኒት፤ ብዙዎቹ ከእጃችን የማይርቁ ናቸው።

ጆሮ ከነጭራሹ ሲዘጋስ? አእምሮም ይዘጋል? አይዘጋም! ከዛሬው ንግግሬ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ከሕፃንነታቸው የምልክት ቋንቋ የሚጠቀሙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንጎል ሲመረመር፣ በእጃቸው ሲነጋገሩ የሚሠራው እኛ ስናወራ የሚሠራው ያው የግራ የቋንቋ ክፍል ሆኖ ተገኝቷል። አንጎል የሚፈልገው ቋንቋን ነው፤ በጆሮ በኩል ቢመጣለት ይቀበለዋል፣ በዓይን በኩል ቢመጣለትም ይቀበለዋል። በኒካራጓ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ ማንም ሳያስተምራቸው የራሳቸውን ሙሉ የምልክት ቋንቋ ፈጥረዋል። ደንቆሮ አእምሮ ቢኖራቸው ኖሮ ይህን ያደርጉ ነበር?

እኛም የራሳችን አለን። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። በጣት ፊደሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደውን በእጅ እንቅስቃሴ ይለየዋል። ሀሁ በእጅ ይቆጠራል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ፊደላችን የጆሮ ብቻ ሀብት እንዳልሆነ ይረዳል።

ነገር ግን ጊዜ አለው። አንጎል ቋንቋን በቀላሉ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ነው። በእነዚህ ዓመታት በድምፅም በእጅም ቋንቋ ያላገኘ ልጅ ኋላ ቢማር እንኳ እንደ ልቡ ለመናገር ይቸገራል። ልጁን የሚጎዳው የጆሮው መዘጋት ብቻ አይደለም፤ ቋንቋ ሳያገኝ ያለፈው ጊዜ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ።

እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁን ታዘቡት። በስድስት ወሩ ከኋላው ስትጠሩት ካልዞረ፣ ዓመት ሞልቶት «አባ» «እማ» ካላለ፣ ተናግሮ የነበረ ልጅ ዝም ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስትሞክሩት በጭብጨባ አይሁን፤ የአየሩን ግፊት በቆዳው ሊያውቅ ይችላል። ድምፃችሁን ተጠቀሙ። ጆሮው ቢመግል ዘይት፣ ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩበት፤ በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩት፤ አድርቃችሁ ወደ ሐኪም አቅርቡት። ክትባቱን አታስቀሩበት። መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታስወጉት፤ ጆሮን የሚያደነቁሩ መድኃኒቶች አሉ፤ የሞቱት የጆሮ ሕዋሳት ተመልሰው እንደማይበቅሉ ነግሬያችኋለሁ።

መምህራን፣ የማይመልስ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ አለንጋ ከማንሳታችሁ በፊት ጆሮውን ጠይቁለት። ከፊት አስቀምጡት። ፊታችሁን ወደ ሰሌዳው አዙራችሁ አታስተምሩት፤ አፋችሁን ይይ።

የጤና ባለሙያዎች፣ ለመግል መድኃኒት ስትሰጡ «ይሰማሃል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። የማይሰማው ልጅ ካገኛችሁ ወላጆቹን በሐዘን ብቻ አትሸኟቸው፤ የምልክት ቋንቋ የሚማርበትን መንገድ ጠቁሟቸው።

ተማሪዎች፣ አንድ ቃል ከአፋችሁ አውጡልኝ። በደንቆሮ ጫካ ያሉ ጭላዳዎች ቀኑን ሙሉ ድምፅ ይለዋወጣሉ፤ የስፍራው ስም ስም ብቻ ነው። ሰውን ግን በዚህ ስም አትጥሩት። እኔ የጠራሁት ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ይቅርታ ልጠይቀው ብፈልግ ላገኘው አልችልም። እናንተ የክፍል ጓደኛችሁን ነገ ጠዋት ታገኙታላችሁ።

በጥንት ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት ይጎሰምና «ስማ በለው! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» ይባል ነበር። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የነገርኳችሁን እንደ አዋጅ ውሰዱልኝ። ጆሮ ይቀበላል፣ የሚሰማው አእምሮ ነው። ላልሰማው ጎረቤታችሁ በአፋችሁ አሰሙት። ጆሮው ለተዘጋበት ልጅ ደግሞ በእጃችሁ አሰሙት፤ አእምሮው ክፍት ነው፣ እየጠበቃችሁ ነው።